ሴራውን እኔ ይዤ ነበር

ሰው እንጀራ ይጋራል፤ ሐዘን ይጋራል፤ ሲብስበት ጃንጥላም ይጋራል፣ አንዱ ግራ ትከሻውን ሌላው ቀኝ ትከሻውን እያስበሰበሰ። ሥልጣን የተጋራ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። «ተጋራን» የሚሉትን አይቻለሁ። እነሱንም ጠጋ ብላችሁ ብታዩአቸው አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ ሌላው «ወንበሩ የኔም ነው» እያለ በእግሩ ቆሟል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያለው ሰው ድር እንጂ ሰው አብሮ ሲሠራ አላየም ብዬ ከጠረጠርኩ ቆየሁ። በወጣትነቴ፣ በሰው አገር፣ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ፍሪጅ ተጋርቼ ነበር። እያንዳንዷ እንቁላሏ ላይ ስሟን ትጽፍ ነበር። ዶሮዋ ያንን ብታይ እንቁላል መጣል ታቆም ነበር።

ይህን የምለው ስለ ትልቅ ነገር አይደለም። ስለ ትልቅ ነገር የሚጽፉ ብዙ አሉ፣ ጥቅሙንም ጉዳቱንም እያየነው ነው። እኔ የማወራው ስለ ጨዋታ ነው። ቡታጅራ ውስጥ፣ በኔ በረንዳ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ስለምንጫወተው ጨዋታ።

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚህ ውስጥ አርባ አራቱን ያሳለፍኩት ፀሐይ በፈረቃ በምትወጣበት በሰሜን አውሮፓ፣ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያዎች መሃል ነው። ወንድሜ ሲሞት ቤቱን የሚይዝ ሰው ስለጠፋ መጣሁ። ቡታጅራ በመጀመሪያው ወር «እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝ፤ በሁለተኛው ወር «መቼ ነው የምትመለሺው?» አለችኝ፤ በሦስተኛው ወር ረሳችኝ። አልከፋኝም። ለሰው ሦስት ወር የሚሰጥ ከተማ ብዙ የለም። እኩዮቼ ወይ ሞተዋል ወይ ልጆቻቸው ጋ አዲስ አበባ ገብተዋል። የቀሩት ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወራሉ፤ የኔው ጉልበት ራሱ ብዙ ወሬ አለው።

ሰሚርን ያገኘሁት የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ ሄጄ ነው። የመስቃን ገጠር ልጅ ነው፤ ሠላሳ አልሞላውም፤ በአጎቱ መድኃኒት ቤት ይሠራል። የሰጠሁትን ማዘዣ ትቶ በብብቴ የያዝኩትን መጽሐፍ አየና «እትዬ፣ ሲያነቡት ያስተኛዎታል?» አለኝ። «የተኛው ደራሲው ነው» አልኩት። ሳቀ። መድኃኒቱን ጠቅልሎ ሲሰጠኝ «ቅዳሜ ጨዋታ አለን፣ አንድ ሰው ይጎድለናል» አለኝ። ካርታ መስሎኝ ነበር።

ካርታ አይደለም። ላስረዳችሁ። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ አጫዋች ይባላል። አጫዋቹ የሌለ አገር ይፈጥራል፦ ተራራውን፣ ወንዙን፣ ሽፍታውን፣ የበር ጠባቂውን ክፉ አመል ሳይቀር። ሌሎቹ እዚያ አገር ውስጥ አንዳንድ ሰው ይሆናሉ፣ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ጠንቋይ። ወታደሩ «በሩን እሰብራለሁ» ይላል። መሰበር አለመሰበሩ የሚታወቀው፣ የሉዶ ዳይስ ዘመድ የሚመስል፣ ሃያ ፊት ያለው ነገር ተጥሎ ነው። እነሱ ጠጠር ይሉታል። ጠጠሩ ትልቅ ቁጥር ካወጣ በሩ ይሰበራል፤ ትንሽ ካወጣ የወታደሩ ትከሻ ይሰበራል። ይኸው ነው። ተረት ተረት ነው፤ ልዩነቱ ሰሚው «የላም በረት» ብሎ ዝም አለማለቱ ነው።

አጫዋች የሚለው ቃል ድሮ በየጌታው አዳራሽ እያሳቀ የሚበላ ሰው ስም ነበር። ዛሬ አጫዋቹ ራሱ ጌታ ሆነ። ቃል እንዲህ ነው፤ ለአፍታ ዞር ካሉበት ሥራ ይቀይራል። ይህን በደንብ አውቃለሁ። ቢሆንም ቃል አዋርዶኛል፤ እሱ ላይ እንደርሳለን።

ሌሎቹ ሁለቱ ተጫዋቾች ምሕረትና ተካልኝ ናቸው። ምሕረት የቡኢ ልጅ ናት፤ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ መልሱ ልክ መሆኑን የምታይ ዓይነት ናት። ተካልኝ ባጃጅ ይነዳል። ጨዋታው ውስጥ ግዙፍ ወታደር ነው፤ ሁሉን ነገር በቡጢ ይፈታል። ቀኑን ሙሉ «ወራጅ አለ» ሲባል ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ቅዳሜ ቢያምጽ አይፈረድበትም። እኔ ደግሞ የሃያ ዓመት ፈረሰኛ ነኝ። አትሳቁ።

ሰሚር ጨዋታውን የለመደው ወልቂጤ ሲማር ነው። ተመርቆ ሲመለስ ጠጠሮቹን ከልብሱ ጋር ይዞ መጣና ሰበሰበን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አጫዋቹ እሱ ነው። አጫዋች ደግሞ አይጫወትም። ሠርግ ቤት ወጥ ሲያወጣ የዋለ ሰው ራቱን ቤቱ ሄዶ እንደሚበላው ማለት ነው። ለኛ ስንት ዘንዶ ፈለፈለልን፤ ስንት ክፉ ንግሥት ሆኖ በቀጭን ድምፅ ተሳደበልን። «አንተስ?» ያለው ሰው ግን አልነበረም። እኔም አላልኩም።

አንድ ቅዳሜ ጠጠሮቹን ወደ ከረጢታቸው እየመለሰ፣ ማናችንንም ሳያይ፣ «እኔም አንድ ቀን ሰው መሆን አማረኝ» አለ።

ምሕረት ማን መሆን እንደሚፈልግ ጠየቀችው። አላመነታም፤ ለካ ሲያስብበት ከርሟል። ብረቱ የሚባል ቆራሌው መሆን ነው የሚፈልገው። ከመንደር መንደር እየዞረ የተሰበረ ጎራዴ፣ የተጣመመ ጋሻ፣ ያረጀ ዘውድ የሚሰበስብ ቆራሌው። ዘንዶ ቢያጋጥመው አይዋጋም፤ «የወለቀ ጥርስ አለዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ተካልኝ «ይሄ ነገር አልተመቸኝም፤ እኛ ስንሞት እሱ ዕቃችንን ሊለቅም ነው» አለ። ሰሚር «ስትሞት ምን ያደርግልሃል?» አለው፣ ትንሽ አፈር ብሎ።

ቀጥሎ ግን የተናገረው ቀልድ አልነበረም። «እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል። አንድ ጊዜ እንኳ ካልተጫወትኩ ልተወው ነው» አለ። ሰሚር ከተወው ጨዋታው የለም። ጨዋታው ከሌለ ቅዳሜ የለም። ቅዳሜ ከሌለ ደግሞ፣ ምን እዋሻችኋለሁ፣ ከእሑድ እስከ እሑድ የማወራው ከግድግዳ ጋር ነው። መጽሐፍ ጓደኛ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። መጽሐፍ ጓደኛ አይደለም፤ ያወራል እንጂ አይሰማም።

ነገሩን ለመጨረስ አራታችንም በተካልኝ ባጃጅ ተጣበን ጁስ ቤት ሄድን። አጫዋችነቱን እኔና ምሕረት እንድንጋራው ተወሰነ። ያካፈለን ሰሚር ራሱ ነው። «ታሪኩን ምሕረት ትያዝ፤ ሴራውን እትዬ አስካለ ይያዙ» አለ። ከጎናችን የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ስፕሪሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። እኛ ግን ራሳችንን ነቀነቅን። በኋላ ሳስበው፣ ብዙ ጥፋት የሚጀመረው ሁሉም ሰው ራሱን በነቀነቀበት ሰዓት ነው።

ሴራ ምንድን ነው? ያ ስፕሪሱን ትቶ የሄደው ሰው የሚፈራውን ዓይነት ማለቴ አይደለም። ልብ ወለድ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ የድርጊቱ ሰንሰለት ነው፣ ለምን ሆነ ለሚለው መልስ የሚሰጠው ነው። ስለዚህ ምሕረት «ታሪኩን» ትያዝ ማለት የአገሩን ዳራ፣ የወንዙን ስም፣ የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ትያዝ ማለት ነው። ዋናው ሥራ የኔ ነው። ፍትሐዊ ክፍፍል ሆኖ ታየኝ። ከዚህ ሁሉ ዓመት ንባብ በኋላ አንድ ሰው ችሎታዬን አወቀልኝ አልኩ።

ሁለት ሳምንት ሠራሁ። የተመረዘ ንጉሥ፣ የተለወጠ ደብዳቤ፣ ተደብቆ ያደገ መንትያ ወንድም፣ ሁሉንም አዘጋጀሁ። ካነበብኩት ምንም አልሰረቅኩም፤ ከያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቆነጠርኩ እንጂ። ዐርብ ከሰዓት ተካልኝ ባጃጁን ደጄ ላይ አቆመና አንድ ወፍራም ጥራዝ አቀበለኝ። «እማማ፣ ሰሚር ነው የላከልሽ» አለኝ። እማማ አትበለኝ ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ እሱ አክብሮት ይመስለዋል። ጥራዙ ከስልክ ወርዶ ፎቶ ኮፒ ቤት የተጠረዘ፣ ደራሲው የማይታወቅ፣ ገለጥ ሳደርገው ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ የሆነ ነገር ነው። በሕይወቴ እጄ ገብቶ ሳላነበው የቀረ መጽሐፍ እሱ ብቻ ይመስለኛል። የበረንዳው ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነው። ውፍረቱ ልክ ሆነ።

ወሩ ሐምሌ ነው፤ ሲዘንብ አድሮ ቅዳሜ ከሰዓት ላይ አባራ። ሰሚር ቀድሞ መጣ። ጆንያ በትከሻው፣ የአባቱ አሮጌ ኮት በላዩ፣ ጭቃ የለበሰ ቦቲ በእግሩ። «እንዴት ነው እትዬ፣ እመስላለሁ?» አለኝ። ነጭ ጋውኑን ለምዶ ያላየ ሰው በፍጹም አይጠራጠርም ነበር። «ድስቴን እንዳትወስድ» አልኩትና ወደ ጓዳ ገባሁ። የሰው ደስታ በጣም ከቅርብ ሲያዩት ያስጨንቃል።

ምሕረትና ተካልኝ ደረሱ፤ ተቀመጥን። ምሕረት ደብተሯን ገልጣ የከተማዋ ምንጭ ደርቋል ብላ ጀመረች። መልካም ዳራ ነው አልኩ በልቤ፤ ተቀበልኳትና በዚያው ቀን ንጉሡ ከጽዋው ጠጥቶ ተመርዞ ሞተ አልኩ። ምሕረት ቀና ብላ አየችኝ። ምንጩን የዘጋው ተራራው ላይ ያለ ዘንዶ ነው አለች፣ ጠንከር አድርጋ። ዘንዶውን የላከው የንጉሡ መንትያ ወንድም ነው አልኩ። «ንጉሡ ወንድም የለውም» አለች። «ተደብቆ ነው ያደገው» አልኳት። «ንጉሥም የለም። ከተማዋን የምትገዛው ሴት ናት» አለች። «እሷማ የመንትያው ሚስት ናት» አልኩ። ሴራ ያዥ ለሁሉ ነገር መልስ አለው።

ተካልኝ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ሲያይ አንገቱ ደከመ። «አንዴ አንዴ፣ እኔ ማንን ነው የምመታው?» አለ።

ሰሚር ግን በዚህ ሁሉ መሃል በሰላም እየተጫወተ ነው። ብረቱ ቤተ መንግሥት ገባ። አልቃሾቹ መሃል ቆመና «ቆራሌው» ብሎ ተጣራ። የሟቹን ንጉሥ ጽዋ አየው፤ አሮጌ ነሐስ ነው፣ ከንግዲህ ማን ይጠጣበታል እያለ ዘበኛውን ያግባባው ጀመር። እኔ ራሴ ዘበኛው ብሆን እሰጠው ነበር። ጠጠሩን ጣለ። አሥራ አንድ ወጣ።

አሥራ አንድ ክፉ ቁጥር ነው። ሃያ ቢሆን ጽዋው የሱ ነው፤ ሦስት ቢሆን እስር ቤት ይገባል። አሥራ አንድ ግን ዳኛ ይጠራል። ሰሚር ወደኔ ዞረና «እትዬ፣ ሴራው ምን ይላል?» አለኝ።

«ሴራው አሁን አይነገርም። መጨረሻ ላይ ነው የሚገለጠው» አልኩት።

«እንዴት መጨረሻ ላይ? እኔ ጠጠር ጥያለሁ እኮ።»

«ጥሩ ሴራ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚገለጠው። ቀድሞ ከታወቀማ ምኑን ሴራ ሆነ?»

ተካልኝ ከኔ ጋር ወገነ። «እማማ ልክ ናት። እኛንም ትራፊኮች መንገድ ላይ ከቀጡን በኋላ ነው ሕጉን የሚነግሩን» አለ።

«የምን ሕግ?» አልኩ።

ምሕረት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እትዬ፣ ሴራ እኮ ሕግ ነው» አለች ቀስ ብላ፣ ለደካማ ተማሪ እንደሚያስረዱት። ከዚያ ጨመረችበት፦ «በእኛ።»

በእኛ። አያችሁ፣ ምሕረት ቡኢ ያደገች የሶዶ ጉራጌ ልጅ ናት፤ እኔም የሶዶ ልጅ ነኝ። አባቴ ሴራ አዋቂ ከሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች አንዱ ነበር። ሰው ድንበር ሲገፋ፣ ሚስቱን ሲበድል፣ የጎረቤቱ እንሰት ውስጥ ከብት ሲለቅ፣ «ሴራው እንዲህ ይላል» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ለሰሚርም በመስቃን፣ ለምሕረትም በቡኢ፣ ሴራ ማለት ሕግ ነው፤ ከጉራጌ ልጆች መሃል ይህን ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ሰው የአገሩን ቋንቋ የሚረሳው በፈረንጅ ቋንቋ ይመስላችኋል? እኔ የኔን የረሳሁት በአማርኛ ልብ ወለድ ነው።

እርግጥ ያን ሰዓት እንዲህ በትሕትና አልተናገርኩም። «መዝገበ ቃላት ላምጣ?» ነው ያልኩት። ምሕረት «ያምጡ» አለች። ሰሚር ገላገለን፤ «መዝገበ ቃላት አያስፈልግም፣ ሕጉ በተካልኝ የላክሁልዎት ጥራዝ ውስጥ አለ» አለ። ሁሉም ወደኔ አየ። እኔ ወደ ጠረጴዛው እግር አየሁ።

ጥራዙ ወጣ፤ ጠረጴዛው ዘመመ፤ ጠጠሮቹ ተንከባለሉ። ሲዘንብ ያደረው ውኃ በረንዳው ላይ ገብቶ ወረቀቱን አጥግቦታል፣ ገጾቹ እንደ ቆጮ አንድ ላይ ጋግረዋል። ተካልኝ ቢላዋ ካለ ብሎ ጠየቀኝ። እንግዲህ ምሕረት የምትወደውን ሒሳብ እንሥራ፦ ሁለት ታሪክ አለን፤ ሁለት ባለታሪክ አለን፤ ሕግ የለንም፤ የነበረንም ሕግ ጠረጴዛ ሲደግፍ በስብሷል። እንዲህ ያለ ሁኔታ ሌላ የት እንደሚገኝ አንባቢ ያውቅ ይሆናል። እኔ ስለ ጨዋታ ነው የማወራው።

ሰሚር አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ችግር የለም። ሕጉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን ሰው ለራሱ አይፈርድም። እኔው ላጫውት» አለ። ኮቱን አወለቀ። ጆንያውን አጠፈው፤ አራት ቦታ፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያገጠመ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተራውን የጠበቀ ሰው ጆንያ ሲያጥፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትዩ።

«ዘርጋው» አልኩት።

እዚህ ላይ አባቴ ትዝ አለኝ ብል ደስ ይላችሁ ነበር፤ በጽሑፉ ወገብ ላይ አባቱ ትዝ የሚለው ጸሐፊ ግን አንባቢ ሊያስለቅስ የተነሳ ነው። እኔ ትዝ ያለኝ አሠራሩ ነው። ሴራ አይያዝም። ማንም ሽማግሌ በኪሱ ይዞት አያውቅም። ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ነገሩ ይነገራል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሲገጥም ምን ተደረገ ይባላል፤ ሁሉም እስኪስማማ ድረስ ይወራል። የሰሚር ስሕተት ሴራውን አንድ ሰው ይያዝ ማለቱ ነው፤ የኔ ስሕተት እሺ ማለቴ።

«ሦስታችን ሽማግሌ ሆነን እንፈርዳለን» አልኩ። ምሕረት የምትቃወምበት ምክንያት ፈልጋ አጣች። ተካልኝ ሽማግሌ በሆነበት ቅጽበት ድምፁ ወፈረ፤ «ባለጉዳዩ ዘወር ይበልልን» አለ። ደንብ ነውና እውነቱን ነው፤ ሽማግሌ ሲመክር ባለጉዳይ ራቅ ብሎ ይቆማል። ሰሚርም ደንቡን ያውቃል። ኮቱን መልሶ ለበሰ፣ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ የግቢውን በር ከፍቶ ወጣና መልሶ ገርበብ አደረገው።

ምክሩ ሞቀ። ምሕረት ዘበኛው ሐዘን ላይ ነው፣ ልቡ ለስላሳ ነው፣ አሥራ አንድ ይበቃል አለች። ተካልኝ በፍጹም አለ፤ ዘበኛ በለቅሶ ቀን ይብስበታል፤ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት በር ላይ ባጃጅ ላቁም ቢል የደረሰበትን በረጅሙ ተረከልን። እኔ ጽዋው የወንጀል ማስረጃ ነው፣ ማስረጃ ለቆራሌው አይሰጥም አልኩ። ምሕረት «ንጉሡ መኖሩ መቼ ጸደቀ?» አለችኝ። ስለ ንጉሡም ተቀመጥን። «ንጉሡን እንዳለ ተይልኝ፣ ዘንዶሽን እተውልሻለሁ» አልኳት። «መንትያውን ያስቀሩ» አለች። መንትያውን አስቀረሁ፤ ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን ሰው። ተካልኝ «ምንጩስ?» አለ። ምንጩ የደረቀው ጽዋው በተመረዘ ቀን ነው አለች ምሕረት፣ ቀስ ብላ፣ እያሰበች። እንግዲያው ውኃው የሚመለሰው ጽዋው ዘንዶው እጅ ሲገባ ነው አልኩ። ሁለቱ ታሪክ አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ከኔም ከሷም የተሻለ ነበር። ይህን አልነገርኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ጽዋው ደግሞ ከቤተ መንግሥት ካልወጣ ዘንዶው ጋ አይደርስም። ማን ያውጣው? ተካልኝ እንኳ ገባው። «በሉ አሥራ አንድ ይበቃል፣ ቆራሌው ይውሰደው» አለ። በአንድ ድምፅ ጸደቀ። ሰዓቴን ሳይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ አንድ ጽዋ ተከራክረናል። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ልጁን ረስተነዋል። አንድ ቀን ልጫወት ብሎ የመጣን ሰው፣ የከሰዓቱን ግማሽ ጭቃ መንገድ ዳር አቁመን እኛ ተጫውተናል። ሄዶ ቢሆንስ? ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? ከበረንዳው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

በሩን ስከፍት ሰሚር አጥሩ ሥር ቆሟል። እግሩ አጠገብ የተበሳ ጀሪካን፣ እጀታ የሌለው ማንቆርቆሪያና የተጣመመ የመስኮት ብረት ተደርድሯል። ፊት ለፊቱ፣ በዚያው ሳምንት ከማዶ ቤት የተከራየች ሴትዮ የዛገ የከሰል ምድጃ ታቅፋ ቆማለች። ለምድጃው በልዋጭ ሦስት የፕላስቲክ ጆግ ትፈልጋለች። እሱ ምድጃውን እያገላበጠ ብረቱ ሳስቷል፣ ከሁለት ጆግ አይዘልም ይላል። እሷ «እናንተ ቆራሌዎች ስትባሉ ሁላችሁም አንድ ናችሁ» ትለዋለች። ድምፁ ተለውጧል። አቋቋሙም ተለውጧል። ጆጎቹን ከየት ሊያመጣ እንዳሰበ አንድ አላህ ያውቃል።

«ሰሚር» አልኩት። አልሰማኝም።

«ብረቱ» አልኩት። ዞረ።

«ተፈርዶልሃል። አሥራ አንድ ይበቃል ተብሏል፤ ግባና ጽዋህን ውሰድ።»

እጁን ከምድጃው ላይ አላነሳም። «ትንሽ ይቆዩኝ እትዬ፣ ደንበኛ ይዣለሁ» አለኝ።